ማስተካከያ፦ ስለ ጀርመናዊው ወታደር ፖስታ ካርድ የእጅ ጽሕፈት

የአንደኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ወታደሮች ፖስታ ካርዶች እንዴት እንደሚነበቡ ባስረዳው ጽሑፋችን፣ ካርዶቹ የተጻፉት «ዙተርሊን» በተባለው የጀርመን የእጅ ጽሕፈት ነው የሚለው ይታረም። ትክክለኛው «ኩረንት» የተባለው የቆየ የጀርመን የእጅ ጽሕፈት ነው። ሉድቪግ ዙተርሊን የራሱን ጽሕፈት ያዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ1911 ሲሆን፣ በፕሩሺያ ትምህርት ቤቶች መሰጠት የጀመረው በ1915 ነው። በዚያን ጊዜ ምሽግ ውስጥ የነበሩት ወታደሮች ፊደል የቆጠሩት ከዚያ ቀደም ብለው ነበር።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ የተሳሳተ የፊደል ሰንጠረዥ ይዞ የሚያነብ ሰው የላኪውን ስም ሳይቀር ሊያዛባ ይችላል፣ ያ ደግሞ ለቤተሰቡ ትልቅ ነገር ነው። ዙተርሊን ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ኩረንት ግን ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ መስመሩም አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይቀጥናል። በኩረንት «ኤ» (e) እና «ኤን» (n) በጣም ይመሳሰላሉ። «ኡ»ን (u) ከ«ኤን» የሚለየው ከላዩ የሚሰመረው ትንሽ ቅስት ነው፤ ካርዱ ሲደበዝዝ ቀድሞ የሚጠፋውም ብዙውን ጊዜ እሱ ነው።

እንዲሁም በጽሑፋችን የተጠቀሰው ባለ አምስት አኃዙ የጦር ሜዳ ፖስታ ቁጥር የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በ1914 እና በ1915 ካርዶች ላይ ላኪውን ለማወቅ መፈለግ ያለበት የሬጅመንቱና የሻምበሉ መጠሪያ ነው።