ፑሽ አፕ ስንቆጥር የምንለካው ምንድን ነው?

ብረት የሚያነሣ ሰው መሻሻሉን ለማወቅ አይቸገርም፤ ባለፈው ወር 60 ኪሎ ያነሣ የነበረ ዛሬ 65 ካነሣ ክርክር የለውም። ያለ መሣሪያ፣ በገዛ ሰውነቱ ክብደት የሚሠራ ሰው ግን ኪሎው የትም ተጽፎ አያገኘውም። በዚህም ምክንያት ማለዳ በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ ላብ የሚያፈሱትን ጨምሮ ብዙዎች የሚተማመኑት በአንድ መለኪያ ነው፤ እሱም የድግግሞሽ ቁጥር ነው። በእኔ እምነት ይህ ቁጥር ብቻውን ስለ ጉልበት የሚነግረን ጥቂት ነው፤ ብዙ ጊዜም ያሳስታል።

ቁጥር ማሳደግ ሲያጓጓ በቅድሚያ የሚጎዳው አሠራሩ ነው። 30 የነበረው ፑሽ አፕ 40 ሲሆን ክርን ከበፊቱ ባነሰ ይታጠፋል፣ ወገብ ይሰምጣል፣ ደረትም ወለሉ ጋ ሳይደርስ ይመለሳል። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ለ40 ዓመታት ያህል ወታደሮቹን በ2 ደቂቃ በሚሠሩት ፑሽ አፕ ብዛት ሲፈትን ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በይፋ በተካው ፈተና አሠራሩን ለውጦታል። ተፈታኙ በየድግግሞሹ ደረቱን መሬት ያሳርፋል፣ እጆቹን ከመሬት አላቅቆ ወደ ጎን ይዘረጋል፣ መልሶም ተክሎ ይነሣል። «ወርዷል፣ አልወረደም» የሚለው ሙግት በዚህ አሠራር ቦታ አያገኝም።

ዋናው ጉዳይ ግን ኪሎው አለመጥፋቱ ነው፤ በሰውነት አቋም ውስጥ ተደብቋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት እንደለካው፣ በተለመደው ፑሽ አፕ እጆች የሚሸከሙት ከሰውነት ክብደት 64 በመቶ ያህሉን ነው። ጉልበት መሬት ሲነካ ወደ 49 በመቶ ይወርዳል፤ እግር 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ባለ ነገር ላይ ሲሰቀል ደግሞ 74 በመቶ ይደርሳል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ በቅደም ተከተል ወደ 45፣ 34 እና 52 ኪሎ ማለት ነው። እንግዲህ 30 ፑሽ አፕ በቀላሉ የሚሠራ ሰው 10 ቢጨምር በአብዛኛው የሚያዳብረው ጽናቱን ነው፤ እግሩን አግዳሚ ወንበር ላይ ሰቅሎ 12 ንጹሕ ድግግሞሽ ቢሠራ ግን 7 ኪሎ ያህል ጨምሮ እንደመሥራት ይቆጠርለታል። ቁጥሩ ከ30 ወደ 12 መውረዱን እንደ ውድቀት የሚያዩ አሉ፤ እኔ ግን እድገት የምለው ይህንኑ ነው።

በፑል አፕ፣ ማለትም አግድም ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ በመሳብ ደግሞ፣ መላው ሰውነት ማለት ይቻላል ስለሚነሣ የሰውነት ክብደት ጉዳይ የበለጠ ያመዝናል። በሁዳዴ 4 ኪሎ የቀነሰ ሰው ለፋሲካ ሁለት ፑል አፕ ቢጨምር ጉልበቴ አደገ ብሎ ባይቸኩል ይሻላል፤ በተቃራኒው 4 ኪሎ ጨምሮ የቀድሞውን 8 ያልለቀቀ ሰው ቁጥሩ ባይለወጥም በርትቷል። ስለዚህ በማስታወሻ ደብተር ላይ ከቁጥሩ ጎን የዕለቱ ክብደት፣ የእንቅስቃሴው ዓይነት እና በዙሮች መካከል የተወሰደው ዕረፍት መስፈር አለባቸው።

ይህ ሁሉ ልኬት የስፖርቱን ደስታ ይገድላል የሚሉ አይጠፉም፤ በየቀኑ ቢደረግ እውነት አላቸው። እኔ የምለው ግን በወር አንድ ቀን፣ ሰውነት ባረፈበት፣ ስልክን ወለል ላይ ከጎን አስቀምጦ መቅረጽና አሠራሩ ከተበላሸበት ድግግሞሽ ጀምሮ ያለውን አለመቁጠር ነው። በቀሪዎቹ ቀናት ማንም እንደልቡ ይሥራ።