የውሃውን ነገር ረሳችሁት

ስለ ናይጄሪያ የጭንብል በዓላት ያወጣችሁት ጽሑፍ ደስ ይላል፣ እጃችሁ ይባረክ። አንድ ነገር ግን ቆረቆረኝ። በዓላቱን ሁሉ «የሞቱ አያቶች ሲመለሱ» ብላችሁ በአንድ ሙቀጫ ወቀጣችሁት። ዮሩባ የሚባሉት የናይጄሪያ ሕዝቦች ለሚያከብሩት የጭንብል በዓል፣ ለኤጉንጉን፣ ልክ ነው። ኡርሆቦ የሚባሉት የደቡብ ናይጄሪያ ሕዝቦች ጋ ግን፣ ለምሳሌ በዴልታ ግዛት ኤቭሬኒ በምትባለው ከተማ የሚከበረውን ኦዎሩን ብትወስዱ፣ ጭንብሎቹ የውሃ መናፍስት ናቸው እንጂ የማንም አያት አይደሉም።

ለምን ውሃ? አገሩን በካርታ እዩት። የኒጀር ወንዝ ባሕር ሳይደርስ እንደ ዛፍ ሥር የሚበታተንበት ቦታ እኮ ነው። ዓሣው ከዚያ፣ መንገዱም በጀልባ፣ ጎርፉም ከዚያው። ጎረቤቶቻቸው ኢጃዎችም የውሃ መንፈስ ጭንብል አላቸው፣ ብዙውን ጊዜ ፊቱ ወደ ሰማይ ተደርጎ አናት ላይ ነው የሚጋደመው፣ ልክ ውሃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ነገር። (ማስክ ሲባል ኮሮና ብቻ ትዝ ለሚለን ይሄ ይገርማል መቼም።)

ከታች አስተያየት ላይ በዓሉን «ሰይጣን አምልኮ» ብላችሁ ለጻፋችሁትም፣ ዛሬ አብዛኛው ኡርሆቦ ክርስቲያን ነው። በዓሉ ለብዙዎቹ ከበሮ፣ ጭፈራና ከከተማ ወደ ትውልድ ቀዬ መመለሻ ሰበብ ነው።

ሌላው፣ ጽሑፉ ላይ ያሉት ፎቶዎች ሁሉ የሙዚየም ናቸው። በ2004 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ ትልቅ የኡርሆቦ ጥበብ ኤግዚቢሽን ነበር፣ እሱም ጥሩ ነው፣ ግን መስታወት ውስጥ የቆመ ጭንብል ግማሹ የለም። ልብሱ የታል? ጨፋሪውስ? ቪዲዮ ካላችሁ ጨምሩበት።