ግብሩ ይታያል፣ ተመላሹ ተደብቋል

ስለ ካርቦን ግብር፣ ማለትም ካርቦን በሚለቅ ነዳጅ ላይ ስለሚጣለው ግብር፣ ጥናት ያቀረቡት ጸሐፊ «ሕዝቡ የካርቦን ግብርን የሚጠላው ኢኮኖሚክስ ስለማይገባው ነው» ማለታቸው አልተዋጠልኝም። ሰው የሚያምነው ያየውን ነው። ካናዳን እንይ። ግብሩ በነዳጅ ዋጋ ላይ ያመጣው ጭማሪ ማደያ በሄዱ ቁጥር ዓይን ውስጥ ይገባ ነበር። ተመላሹ፣ ማለትም መንግሥት ከግብሩ ለሕዝቡ መልሶ ይሰጥ የነበረው ገንዘብ፣ ግን መጀመሪያ ከዓመታዊው የገቢ ግብር ጋር ተደባለቀ። ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ በየሦስት ወሩ ድምፁን አጥፍቶ ባንክ ይገባ ጀመር። ከየት እንደመጣ የማያውቅ ተቀባይ ሞልቶ ነበር። በ2024 ስሙን «የካናዳ ካርቦን ተመላሽ» አሉት፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! በሚያዝያ 2025 ተራው ሸማች የሚከፍለው ግብር ቀረ። ስዊዘርላንድም ተመላሹን ከጤና መድን ክፍያ ላይ ትቀንሳለች። እዚያ ውስጥ ማን ልብ ይለዋል? ጥናቱ ስለ ግብሩ መጠን ብዙ ይላል፤ ገንዘቡ እንዴት እንደሚመለስ ግን በአንድ አንቀጽ ብቻ አልፎታል።