ይድረስ ለጊዮርጊሱ ካሜራ

ውድ የፖል ላይ ካሜራ፣ ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ናፍቆትህ እንኳ የለብኝም፣ በቀን አራቴ ነው የምንገናኘው።

ፒያሳ፣ ጊዮርጊስ ጋ የተሰቀልከውን ማለቴ ነው። ስትተከል «ለሌባ ነው» ተባልን፣ እኛም እሰይ አልን። ባለፈው ወር ታዲያ ስልኬን ልክ ከሥርህ ላፍ አደረጉኝ። ቀና ብዬ አየሁህ፣ አንተም አየኸኝ። ቪዲዮውን ልጠይቅ ስሄድ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «በዛ ሰዓት ሲስተም አልነበረም።» በነጋታው ያለ ዜብራ ስሻገር ግን ቅጣቱ ቀድሞኝ ማዶ ቆሞ ጠበቀኝ። ድሮ ጆሮ ጠቢ እንኳ ማኪያቶ ይጋብዝ ነበር።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ላንተ ነው መሰለኝ። መጀመሪያ ሲም ካርድ በመታወቂያ ነው አሉን፣ እሺ አልን። ከዚያ ፋይዳ መጣ፣ አሥሩንም ጣቴን፣ የዓይኔን ብሌን፣ ፊቴን አስረከብኩ (ፎቶው ላይ ስልኬን የወሰደውን ልጅ ነው የምመስለው)። የፀረ ሽብር አዋጁ 652/2001 ስንት ተጮኸበት! ተሻረና 1176/2012 መጣ፤ ስልክ መጥለፉ ግን በፍርድ ቤት ፈቃድ እስካሁን አለልህ። የሚመጣው ሁሉ የሄደውን ይረግማል እንጂ አንተን ከፖሉ የሚያወርድህ የለም።

ደግሞ ዘርህ ብዙ ነው። አሜሪካ ዴሞክራትና ሪፐብሊካን ዓይንህ ላፈር ሲባባሉ ይውላሉ፣ ግን በፈረንጆቹ 2001 የመንግሥትን የስለላ ሥልጣን ያሰፋው የፓትሪዮት አዋጅ ሴኔቱን 98 ለ 1 አለፈ። «አይሆንም» ያለው አንድዬው ሰውዬ የዊስከንሲኑ ፋይንጎልድ ነው። አንቀጽ 702 የሚሉትን የስልክና የኢሜይል መጥለፊያ ሕግማ በ2008 ቡሽ ፈረመው፣ በ2012 ኦባማ፣ በ2018 ትራምፕ፣ በ2024 ባይደን አደሱት፣ እንደ መኪና ቦሎ። ዒላማው ከአሜሪካ ውጭ ያለ የውጭ ዜጋ ነው፣ ለእያንዳንዱ ሰው የዳኛ ማዘዣ አያስፈልገውም። የውጭ ዜጋ ማለት እንግዲህ እዚህ ፒያሳ ቁጭ ብዬ ቡና የምጠጣው እኔም ነኝ! ቨርጂኒያ ላለችው አክስቴ «በርበሬው በሰው እጅ ተልኳል» ብዬ ብጽፍ፣ እኔ ዒላማ ከሆንኩ እሷም በኔ ሰበብ ተለቅማ ትገባለች፣ ዜግነቷ አያድናትም። ስለ በርበሬው ማብራሪያ ከተፈለገ ግማሹ ሽሮ ነው።

ስማ፣ ትናንት አንዲት የጊዮርጊስ እርግብ መስታወትህ ላይ ነጭ ነገሯን ለቃብህ ስትሄድ አይቻለሁ። አንዷን ተቃዋሚ አገኘኋት ማለት ነው። ፋይዳ እንደሌላት ጠይቄያለሁ።

አክባሪህ፣
ከሥርህ ስልኩን የተመነተፈው