ድጋፍ ማቆምና ነጭ ገጽ ማሳየት ለየቅል ናቸው

ባለፈው ክረምት ጎንደር ፒያሳ፣ በአንድ ወዳጄ ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብዬ ሳለ ከአዘዞ የመጣች ወጣት ለሥራ ልትመዘገብ ገባች። የማመልከቻ ገጹን ስትከፍት የመጣላት ነጭ ገጽ ነው። ጽሑፍ የለ፣ ቅጽ የለ፣ ችግር አለ የሚል ቃል እንኳ የለ። ደጋግማ ከፈተችው። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞር ብላ «ጋሼ፣ ምዝገባው አልቆ ይሆን እንዴ?» አለችኝ። አላለቀም። በእኔ ስልክ ስንከፍተው ቅጹ ቁልጭ ብሎ ወጣ፤ እዚያው ሞልታ ላከች። ስልኬ ባይኖር ኖሮ አልቋል ብላ ወደ አዘዞ መመለሷ ነበር።

ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 7 ነው። ያለው ብሮውዘር (ድረ ገጽ መክፈቻ ፕሮግራም) ክሮም 109 ሲሆን ዊንዶውስ 7 ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ክሮም ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ 110 ሲወጣ ዊንዶውስ 7 ቀረ። ወዳጄ አዲሱን ልጫን ብሎ ቀኑን ሙሉ ቢታገል ከዚያ አያልፍም።

እንጀራዬ ድረ ገጽ መሥራት ስለሆነ የሙያ ባልደረቦቼን ድካም አውቀዋለሁ። ለአሮጌ ብሮውዘር ድጋፍ ማቆም፣ ማለትም ገጹ በእሱም እንዲሠራ መድከሙን መተው፣ ተገቢ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 ለዓመታት አንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ እንድንጽፍ አስገድዶናል። ዩቲዩብ በ2010 እ.ኤ.አ. ድጋፉን ሲያቆም ብዙዎቻችን እፎይ አልን፤ ማይክሮሶፍት ራሱም የመጨረሻውን ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 11ን ሰኔ 2014 ዓ.ም. በአብዛኛው ዊንዶውስ 10 ላይ አሰናብቶታል። በደኅንነት ጉዳይማ ድርድር የለም። ትልልቆቹ ብሮውዘሮች ቲኤልኤስ 1.0 እና 1.1 የሚባሉትን ያረጁ የምስጠራ ስልቶች ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተዉት የሰው የይለፍ ቃል መንገድ ላይ እንዳይነጠቅ ነው። ከእነሱ የተሻለውን የማይችል ብሮውዘር ባይገባ ይሻላል።

የዚያች ወጣት ችግር ግን የደኅንነት አልነበረም። ክሮም 109 ዛሬም አዲሱን ስልት ቲኤልኤስ 1.3ን ይችላል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ድረ ገጽ በሦስት ቋንቋ ይጻፋል። የገጹን ጽሑፍና ቅጽ የሚይዘው ኤችቲኤምኤል የማያውቀው ምልክት ሲገጥመው ዘሎት ያልፋል፤ መልኩን የሚያሳምረው ሲኤስኤስም የማያውቀውን ማስጌጫ ትቶ የሚያውቀውን ይሠራል። ገጹን የሚያንቀሳቅሰው ጃቫስክሪፕት እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም። የማያውቀው አጻጻፍ ካገኘ ፋይሉን እንዳለ ይጥለዋል፤ የሌለ ትእዛዝ ከተጠራም እዚያው ቀጥ ይላል። ዝርዝርን በየዓይነቱ የሚመድበው «ግሩፕባይ» ለምሳሌ ክሮም ላይ የመጣው ከ117 ወዲህ ነው። ቅጹንም ጽሑፉንም ርእሱንም ጃቫስክሪፕት እንዲሠራው ካደረግን አንዲት እንዲህ ያለች ቃል ገጹን በሙሉ ባዶ ታስቀረዋለች። ቅጽ መሙላትና መላክ ግን ኤችቲኤምኤል ቢያንስ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ማንም እገዛ የሚችለው ሥራ ነው! አንድ ማመልከቻ ለመቀበል ይህን ሁሉ ማሽን መደርደራችን ያሳዝነኛል።

«ታዲያ ለምን አያዘምኑም?» የሚሉኝ አሉ። ጎንደር ያለን ሰው እንዲህ ብሎ መጠየቅ አይከብድም? የወዳጄ ኮምፒውተሮች ራም (የሥራ ማህደረ ትውስታ) 2 ጊጋባይት ነው፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ይጠይቃል። ዊንዶውስ 10ም ቢሆን መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። አሥር ኮምፒውተር ባንድ ጊዜ መቀየር ደግሞ በገጽ አምስት ብርና አሥር ብር እየተቀበለ ለሚያትም ሰው የሚታሰብ አይደለም። ስልክም ቢሆን፣ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ ምን አውርዶ ምን ሊያዘምን ነው? ሰው ሰነፍ ስለሆነ ወደ ኋላ የቀረ የሚመስለው ካለ እነዚያን ወራት እዚህ አልኖረም።

እኔ የምለው፣ ድጋፍ አቆምን ስንል ምኑን እንዳቆምን እንለይ። ተንሸራታች ምስሉ ይቅር፣ ጥላው ይቅር፣ ገጹ ይጎርብጥ። ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ «ላክ» የሚለው ቁልፍ ግን በኤችቲኤምኤል ይቀመጡ፤ ጃቫስክሪፕቱ ከላይ ይጨመርበት። የግድ መከልከል ካለብንም ምክንያቱ በአማርኛ ይጻፍ፦ ምዝገባው እስከ መቼ ክፍት እንደሆነና በምን መሞከር እንደሚቻል። ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የሚባለውን ፊደል ይዞ ከመምጣቱ በፊት የአማርኛ ገጽ ስንከፍት ፊደል ካልጫንን የሚታየን ባዶ ሳጥን ብቻ እንደነበር የምናስታውስ፣ ይህን ለሌላ ሰው ማድረግ የለብንም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ «በአሮጌ ብሮውዘር የሚመጣ ሰው የለንም» የሚለው መልስ ነው። ጎብኚ የሚቆጥረው ኮድ ራሱ ብዙውን ጊዜ ጃቫስክሪፕት ነው። ከዋናው ኮድ ጋር አብሮ ከተጠቀለለ አብሮ ይወድቃል፤ ነጭ ገጽ ያየ ሰው እንደመጣም አይቆጠርም። ያቺ ወጣት ገጹን ደጋግማ የከፈተችበት ሙከራ የሚገኘው ገጹን በሚልከው ኮምፒውተር፣ በሰርቨሩ መዝገብ ውስጥ ነው፤ ክሮም 109፣ ዊንዶውስ 7 ተብሎ። መቁጠር የምንጀምረው ከዚያ ነው።