ዋተርሃውስ ከመሥራቾቹ አንዱ አልነበረም

እርስዎ ስለ ሥዕሉ ባወጡት ጽሑፍ፣ «የሻሎት እመቤት» የተባለውን ሥዕል የሠራው ጆን ዊልያም ዋተርሃውስ የእንግሊዝ ሠዓሊዎች ማኅበር ከነበረው ከቅድመ ራፋኤላውያን ወንድማማችነት መሥራቾች አንዱ ነበር ብለዋል። ብዙዎች የሚደግሙት ስሕተት ነው። ማኅበሩ በለንደን የተመሠረተው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1848 ሲሆን ዋተርሃውስ የተወለደው በ1849 ነው! ሥዕሉን ያወጣው በ1888፣ ማኅበሩ ከተበተነ ከሠላሳ ዓመታት በላይ ካለፈ በኋላ ነው።

ሥዕሉ የተነሣው እንግሊዛዊው ገጣሚ ቴኒሰን በዚሁ ስም ከጻፈውና እመቤቲቱ በጀልባ ስትጓዝ ከምትሞትበት ግጥም ነው፤ ሠዓሊው «ግጥሙን እንዳለ ገልብጦታል» ማለትዎም ሥዕሉን ይበድለዋል። በቴኒሰን ግጥም እመቤቲቱ የሸመነችው ጨርቅ በርሮ ይወጣል፤ ሠዓሊው ግን ከጀልባዋ ጎን አንጠልጥሎ ከውኃው ጋር አነካካው። ከፊት ለፊት ያሉትን ሦስት ሻማዎችም ይመልከቱ። ቴኒሰን በጀልባዋ ላይ ሻማ አላስቀመጠም። ሁለቱ ጠፍተዋል፤ ሦስተኛው ብቻ ነፋሱን ታግሎ ይበራል። ሞቷ መቃረቡን ያለ አንድ ቃል የነገረን ይህ ነበልባል ነው።