ለጾመኛ የምናውቀው ወግ፣ ለስኳር ታማሚም

እዚህ አሜሪካ እራት የሚጋብዝ ሰው ቀድሞ ይጠይቃል። «የማትበላው ነገር አለ?» ይላል። ስኳር ያለበት ሰው እዚያው ይናገራል፤ በቃ፣ ነገሩ ያልቃል። እኛ ጋ በዓል ሲሆን ትሪው ይቀርባል፣ «በሞቴ» ይከተላል። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ሁለተኛውም ይደገማል።

ፋሲካን አገር ቤት ስውል ከአክስቴ ጋር ጎረቤት ለጎረቤት ዞርን። ስኳር አለባት፤ የኢንሱሊን መርፌ የምትወጋ ሰው ናት። በየቤቱ ድፎ ዳቦ፣ ለስላሳ፣ ስኳሩ ቀድሞ የገባበት ቡና ቀረበላት። አንድም ቦታ «ስኳር አለብኝ» አላለችም። ወጥተን ስንሄድ ምነው አልኳት። «በዓመት በዓል ሰው ቤት ገብቼ ፊት ልንሳ እንዴ ልጄ?» አለችኝ።

ይህችው አክስቴ ረቡዕ ቀን ሰው ቤት ብትገባ ሥጋ የሚያቀርብላት የለም። ሠርግ ላይ የጾም ምግብ ለብቻው ይሰናዳል። ሙስሊም እንግዳ ካለ ለእሱም የሚሆነው ለብቻ ይዘጋጃል። ማንም አይቀየምም፣ «በሞቴ ቅመስ» የሚልም የለም። የሰውን ማዕድ ማክበር ከፈረንጅ የምንማረው ነገር አይደለም። ለስኳር ታማሚ ሲሆን ነው የጠፋብን።

ደግሞ ከባድ ነገር አይጠይቅም። ብዙ ሰው የሚፈራው ዶሮ ወጡን ነው። ስኳርን ቶሎ ሽቅብ የሚያወጣው እንጀራው፣ ዳቦውና ለስላሳው ነው። አንድ 355 ሚሊ ሊትር ቆርቆሮ ኮካ ኮላ ውስጥ 39 ግራም ስኳር አለ፤ ወደ 10 የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። በእሱ ፋንታ አምቦ ውሃ ማቅረብ ምን ይከብዳል? ቡናው ላይ ስኳር ከመጨመር በፊት መጠየቅስ?

ጾሙም አለ። የጠዋት መርፌዋን ተወግታ እስከ 9 ሰዓት ሳትበላ የምትቆይ እናት ስኳሯ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪምን ስለ መድኃኒቱ፣ የንስሐ አባትን ስለ ጾሙ ማማከር ያስፈልጋል። ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን አታስገድድም። ጠጅና አረቄም እንዲሁ ናቸው። አልኮል ጉበት ስኳር እንዳይለቅ ስለሚይዘው፣ መርፌ የሚወጋ ሰው ከጠጣ ከሰዓታት በኋላ፣ ተኝቶም እያለ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል።

የውጪው ኑሮ ሁሉ የተመቸ አይምሰላችሁ። የፈረንጆቹ ታንክስጊቪንግ የሚውለው በጾመ ነቢያት መግቢያ አካባቢ ነው። ከዚያ ጀምሮ እስከ ፈረንጆቹ ገና ድረስ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ኬክና ኩኪስ ነው። ክንድ ላይ የሚለጠፍ መለኪያ አለ፣ ስኳር ሲወርድ ስልክ ላይ ይጮሃል። ብቻውን የሚኖር ሰው ሌሊት ቢጮህበት ማን ይነሣለታል? ይህ ሐሳብ ያስጨንቀኛል።

አገር ቤት በበዓል ቤቱ ሰው ሙሉ ነው። የሚያነሣ፣ የሚያጠጣ እጅ ሞልቷል። በሽታው ከተደበቀ ግን ያ ሁሉ ሰው አይጠቅምም። አክስቴን ላብ ቢያጠምቃት፣ እጇ ቢንቀጠቀጥ፣ ነገር ቢምታታባት፣ «ደክሟት ነው፣ ትተኛ» ይባላል። ስኳር ከ70 (mg/dL) በታች ሲወርድ መተኛት አይደለም መፍትሔው። ራሷን ካልሳተች 15 ግራም ያህል ስኳር፣ ማለትም አራት የሻይ ማንኪያ ገደማ፣ በውሃ በጥብጦ ማጠጣት ነው። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካል፤ ካልወጣ ይደገማል። ራሷን ከሳተች ምንም በአፍ ሳይሰጡ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው።

ለበዓል የምንገባ ሰዎች ሻንጣችንን በቸኮላት እንሞላለን። ስኳር ላለባቸው እናቶቻችንም ጭምር! ከቸኮላቱ ቀንሰን የስኳር መለኪያ ስትሪፕ፣ ማለትም የደም ጠብታ የሚነካባትን ቁራጭ፣ እንጨምርበት። ስትሪፕ እንደየመሣሪያው ስለሚለያይ ከመግዛታችሁ በፊት ቤት ያለውን መሣሪያ ስም በስልክ ጠይቁ፤ የሚያበቃበትንም ቀን እዩ።